ብርሃን የበተነው መስታወት

ዲላ የገባሁት የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመቴን ጨርሼ ለአንድ ዓመት በመምህርነት እንዳገለግል በተመደብኩ ጊዜ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ገና በዙፋናቸው ላይ ነበሩ። መንገዱ ፒስታ ስለነበር ከአውቶቡስ የወረድኩት ከእግሬ እስከ ራሴ አቧራ ለብሼ ነው።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር የምደባ ወረቀቴን ሁለት ጊዜ አነበቡና ቀና ብለው አዩኝ።

«ፊዚክስ?» አሉ።

«አዎን፣ ፊዚክስ።»

«እኛ የጠየቅነው እኮ የቤት አያያዝ መምህርት ነበር።» ወረቀቱን አጠፉና ሳቅ አሉ። «ግድ የለም። የፊዚክሱም መምህር ኮንትራቱን ጨርሶ አገሩ ገብቷል። እንኳን ደህና መጣሽ።» ብለው የቤተ ሙከራውን ቁልፍ ሰጡኝ።

ቤተ ሙከራ የተባለው አንድ ሚዛን፣ ጥቂት ማግኔቶችና የተሰበሩ ቴርሞሜትሮች የነበሩበት ክፍል ነው። ቁም ሣጥኑን ሳጸዳ ከታችኛው መደርደሪያ አንድ ከባድ የእንጨት ሣጥን አገኘሁ። ውስጡ ሁለት ወፋፍራም ክብ መስታወቶች ነበሩ፤ ስፋታቸው የሾርባ ሰሃን፣ ውፍረታቸው ሁለት ጣት ያህላል። ከሥራቸው ቁጥር የተጻፈባቸው የዱቄት ከረጢቶች፣ አንድ ቆርቆሮ ቅጥራን፣ አንድ ብልቃጥ ቀይ ዱቄት፣ ከአሮጌ ማይክሮስኮፕ የወለቀ የዓይን መነጽርና ሽፋኑ የተገነጠለ ትንሽ መጽሐፍ አሉ። የሄደው ፈረንጅ መምህር ከተማሪዎቹ ጋር ቴሌስኮፕ ሊሠራ አስቦ ሳይጀምር ጊዜው አልቆበት ኖሯል።

መጽሐፉን በአንድ ሳምንት ጨረስኩት። ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነው። አንዱን መስታወት ጠረጴዛ ላይ ታስራለህ፣ ሻካራ ዱቄትና ውኃ ትነሰንስበታለህ፣ ሌላውን ከላይ አድርገህ ወደፊትና ወደኋላ ትፈገፍጋለህ። ላይኛው ቀስ በቀስ መሐሉ ይጎደጉዳል፤ ታችኛው ያብጣል። ከዚያ ዱቄቱን እያላሙ መሄድ ነው፤ መጨረሻ ላይ በቅጥራንና በቀዩ ዱቄት ይወለወላል፤ ብር ይቀባል። እስከዚያ ቀን ድረስ ብርሃንን የማውቀው ሰሌዳ ላይ በጠመኔ በተሰመረ መስመር ነበር። በእጄ ልነካው ፈለግሁ።

የጎደለኝ ብሩ ነበር። ስጠይቅ ወደ ገበያው መግቢያ ያለ አንድ መስታወት ቤት ጠቆሙኝ። ባለቤቱ ከጉራጌ አገር የመጡ ሽማግሌ ናቸው። የመስኮት መስታወት ይቆርጣሉ፣ ፎቶግራፍ በፍሬም ያገባሉ፣ ብሩ የተላጠ አሮጌ መስታወትም መልሰው ይቀባሉ። ሙያውን በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ከአንድ አርመን ዘንድ ተምረውታል።

ክቡን መስታወት ስሰጣቸው አላዩትም። ባንኮኒው ላይ አስተኙትና የአውራ ጣታቸውን ጥፍር ከዳር እስከ ዳር ቀስ አድርገው ጎተቱበት።

«ጥሩ ዕቃ ነው» አሉ። «ለምን ፈለግሽው ልጄ?»

ነገርኳቸው። የጨረቃን ተራራዎች የሚያሳይ መስታወት እንደሆነ፣ ብሩም እንደ ቤት መስታወት ከኋላ ሳይሆን ከፊት እንደሚቀባ።

«ከፊት?» አሉ ደንገጥ ብለው። «ከፊት ከሆነማ ጉድ ነው። የኔን ብር ከፊቱ መስታወት ይሸፍነዋል፤ ከኋላው ቀለም ይሸፍነዋል። ያንቺው ራቁቱን ሊቆም ነው።»

«ያስቸግራል አባባ?»

«ብሩ አያስቸግርም። ከሥሩ ያለው ነው የሚያስቸግር። ብር ቁስል አይሸፍንም ልጄ፤ ያጋልጣል።» ፊታቸውን ወደ እኔ ሲያዞሩ ሁለቱም ዓይኖቻቸው መሐል ላይ ነጣ ያለ ነገር እንዳለ አየሁ። የዓይን ሞራ ነበር። «እኔ እመጣና ሥራሽን እሰማለሁ» አሉ። «አየዋለሁ» አላሉም።

ከዚያ ወዲያ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን የዐሥር ሰዓት ስግደታቸውን ጨርሰው ከዘራቸውን እየመረኮዙ ይመጡ ነበር። እኔ ጠረጴዛውን እየዞርኩ ስፈገፍግ እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። አዲስ ዱቄት ሲነሰነስ ጠጠር እንደሚረገጥ ይንኮሻኮሻል፤ እየደቀቀ ሲሄድ ድምፁ ይለዝብና ሹክሹክታ ይሆናል። «አሁን ሞቷል፤ ጨምሪ» ይሉኛል። አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም።

አንድ ቀን መስታወቱ እንደ በረዶ ነጥቶ ምንም የማይታይበት ሆኖ ሳለ ከእጄ ወሰዱት።

«ምን ይታይሻል?»

«ምንም። ግድግዳ ነው።»

«አጋድመሽ እዪው። ከዓይንሽ ጋር ትክክል አድርገሽ ወደ መስኮቱ።»

ጉንጬ ላይ እስኪደርስ አስጠግቼ አጋደምኩት። ከዚያ ከነጣው መስታወት ላይ መስኮቱ፣ የመስኮቱ ፍርግርግና ከውጭ ያለው የባሕር ዛፍ ብቅ አሉ፤ ጥርት ብለው። ትንሽ ቀና ሳደርገው ጠፉ። እንደገና ሳጋድመው ተመለሱ።

«እንዴት ሊሆን ቻለ?» አልኩ።

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ የተማርሽው አንቺ ነሽ» ብለው ሳቁ። «አርመኑ ያሳየኝ ነው። ሻካራው ነገር ብርሃኑ ፊት ለፊት ሲመጣበት ይበትነዋል። ገረፍ አድርጎ ሲያልፍ ግን አያገኘውም። መስታወቱ እየላመ በሄደ ቁጥር ብዙ ማጋደል አያስፈልግሽም። የላመ መሆኑን የምትለኪው በዚያ ነው።»

ያን ቀን ቤቴ ስገባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማንም ያላሳየኝን ነገር አንድ ባለሱቅ እንዳሳየኝ እያሰብኩ ብቻዬን ስቄአለሁ።

በጥር ወር ዳይሬክተሩ ጠሩኝ። የካቲት ላይ የወላጆች ቀን እንደሚከበር፣ የአውራጃው ገዥም እንደሚመጡ ነገሩኝና፣ «የጨረቃ መነጽሩ ይደርሳል አይደል?» አሉ። ይደርሳል አልኩ። እንደማይደርስ አውቅ ነበር። መጽሐፉ ከአንዱ ዱቄት ወደ ሌላው ሲታለፍ ጠረጴዛውንም፣ እጅንም፣ ልብስንም ማጠብ ያስፈልጋል ይላል። አንዲት የሻካራው ዱቄት ፍሬ ከላመው መሐል ከገባች የሳምንት ሥራ ታበላሻለች። እኔ ግን ቸኮልኩ። አንዱን ዱቄት ጭራሽ ዘለልኩት። ትምህርት ቤታችን ከዋናው መንገድ ዳር ስለሆነ ቡና የጫነ መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው በመስኮት ይገባ ነበር፤ መስኮቱን መዝጋት እንኳ ብዙ ጊዜ ረሳሁ።

ውልወላው ሲያልቅ መስታወቱ ሲያዩት እንደ ውኃ የጠራ ነበር። ሽማግሌው ጥፍራቸውን ጎተቱበት። ምንም አላገኙም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ፀሐይ ላይ ያዢውና በጎን እዪው። ግራጫ ነገር፣ የጭስ ጥላ የመሰለ ይታይሻል?» አሉኝ።

ያዝኩት። ከዳሩ አካባቢ እንደ ትንፋሽ ያለ ስስ ግራጫ ነበር። ከሱ ጋር ሁለት የፀጉር ክር የሚያካክሉ ጭረቶች አየሁ።

«የለም አባባ» አልኩ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ምንም የለም።»

ዓይኔን አምነው ብሩን ቀቡት። ያንን ማየት በዕድሜዬ ካየኋቸው ደስ የሚሉ ነገሮች አንዱ ነው፤ መዋሸቴን እያወቅኩ እንኳ ደስ ብሎኝ ነበር። ከጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ውስጥ መድኃኒታቸውን ቀላቀሉ። ፈሳሹ ቡናማ ሆነ፣ ጠቆረ፣ ጭቃ መሰለ። ሁሉ ነገር ተበላሸ ስል ከጥቁሩ ሥር የገዛ ፊቴ ቀስ ብሎ ወጣ።

በወላጆች ቀን የትምህርት ቤቱ አናጢ የሠራውን የእንጨት ቱቦ ግቢው መሐል አቆምነው። ሰማዩ ጠርቶ ነበር፤ አንድ ደመና የለም። ጀንበር ከመጥለቋ በፊት ግማሽ ጨረቃ ከራሳችን በላይ ቆማለች። ገዥው ጎንበስ ብለው አዩ። ረጅም ጊዜ ወሰዱ። ከዚያ ቀና ብለው በትሕትና፣ «ዛሬ ጨረቃዋ ጉም ለብሳለች መሰለኝ» አሉ። ዳይሬክተሩ አዩና ወደ እኔ ዞሩ። እኔም አየሁ። ጨረቃዋ አለች። ነገር ግን ብርሃኗ እንደፈሰሰ ወተት ዙሪያዋን ሞልቶታል፤ ተራራዎቿ ይቅሩና ጠርዟ እንኳ አይለይም። ተማሪዎቼ ከኋላዬ ተሰልፈው ነበር። አንድ በአንድ አዩና ሄዱ። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሁሉ በኋላ ሽማግሌው፣ «እኔንም አስጠጉኝ» አሉ። ከዘራቸውን ተቀበልኳቸው። ሲያዩ ቆዩና ቀስ ብለው፣ «ይኼ እኮ የኔ ዓይን ነው» አሉ።

«እንዴት አባባ?»

«እኔ ጨረቃን ሁልጊዜ እንዲህ ነው የማያት። ፋኖስም እንዲህ ነው፤ የሰው ፊትም እንዲህ ነው። በሁሉ ነገር ዙሪያ ብርሃን ይፈስሳል። ለባለቤቴ፣ ለልጆቼ ለማስረዳት ሞክሬ አቅቶኝ ነበር።» እጃቸው ክንዴን አገኘው። «አሁን አንቺ አየሽው። የማይበት ዓይን ይኼ ነው።»

ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ለውርደቱ ብቻ አልነበረም። እኝህ ሰው አምስት ወር ሙሉ አጠገቤ ሲቀመጡ እንዴት እንደሚያዩ አንድም ቀን አልጠየቅኋቸውም። በዚያ ላይ በማያዩት ነገር ዋሽቻቸዋለሁ። በማግሥቱ ሱቃቸው ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው።

መስታወት የሚቆርጡበትን አልማዝ በጨርቅ ጠቅልለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱ።

«እኔ በጥፍሬ የማላገኘውን በአንቺ ዓይን ላገኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ሂጂ ልጄ። አሁን ሥራ አለብኝ።»

ከዚያ ወዲያ መምጣት ተዉ።

ከዳይሬክተሩ የድሮውን መምህር አድራሻ ወሰድኩና ጻፍኩለት። የሠራሁትን፣ የዘለልኩትን፣ የታየውን ጉም ሁሉ አልደበቅኩም። መልስ አልጠበቅኩም ነበር፤ ግን ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ወፈር ያለ ፖስታ መጣ። መምህሩ አሁን የሚሠራው በሮኬት ወደ ሰማይ የሚላክ ቴሌስኮፕ ከሚሠሩ ሰዎች ጋር እንደሆነ ጽፎልኛል። ቴሌስኮፑ የሚያየው በዓይን የሚታየውን ብርሃን አይደለም፤ ሐኪም ቤት አጥንት የሚታይበትን ኤክስሬይ ነው። ፀሐይም ከዋክብትም ኤክስሬይ እንደሚልኩ፣ አየሩ እዚህ እንዳይደርስ እንደሚይዘው አስረዳኝ። ከደብዳቤው ጋር በጥጥ የተጠቀለለ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል፣ ወርቅ የተቀባ ቁራጭ መስታወት ነበር። «ይህ ተፈትኖ የወደቀ ነው፤ ላንቺ ይሁን» ይላል።

ደብዳቤውን ይዤ ሱቅ ሄድኩ። ሽማግሌው ድምፄን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ እኔ አላዞሩም። ወርቁን መዳፋቸው ላይ ሳስቀምጥ ግን ጣታቸው ወዲያው ተንቀሳቀሰ። ጥፍራቸውን ጎተቱበት። ደገሙት። አጋደሙት።

«ማን ነው የሠራው?» አሉ። «እንዲህ ያለ ልስላሴ ነክቼ አላውቅም።»

«ሻካራ ነው ተብሎ የተጣለ ነው አባባ።»

«ይኼ?»

ደብዳቤውን በአማርኛ እያደረግሁ አነበብኩላቸው። ኤክስሬይ ሥጋን ሰንጥቆ የሚያልፍ ስለሆነ ፊት ለፊት የመጣበትን መስታወትም ሰንጥቆ ይገባል እንጂ አይመለስም። የሚመለሰው ገረፍ አድርጎ ሲያልፍ ብቻ ነው። ስለዚህ መስታወቱ እንደ ሰሃን ሳይሆን እንደ ቱቦ ተሠርቶ፣ ጨረሩ የውስጡን ግድግዳ እየታከከ እንዲያልፍ ይደረጋል።

«አጋደሙት!» አሉ። ከብዙ ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው። «ይኸው አርመኑ! ቀጥዪ።»

ወርቅ የሚቀባው ከባድ ብረት ጨረሩን በተሻለ ስለሚመልስ ነው። ወርቁ ግን እጅግ ስስ ስለሆነ ከሥሩ ያለውን ጉብታ ሁሉ ይዞ ይቀመጣል፤ አንዳንዴም ሲጣበቅ የራሱን ጉብታ ይጨምራል። ለኤክስሬይ የጥቂት አቶሞች ቁመት ያለው ጉብታ እንኳ ኮረብታ ነው። ጨረሩ እዚያ ላይ ይበተንና የኮከቡ ዙሪያ ጉም ይሞላል። «ያንቺ ጨረቃና የእኛ ፀሐይ ያመማቸው አንድ በሽታ ነው» ይላል ደብዳቤው። «እኛም ይህን ቁራጭ ጥለን ከመጀመሪያው ጀመርን።»

ሽማግሌው ወርቁን መልሰው መዳፋቸው ላይ አገላበጡት።

«እንግዲህ ጥፍሬ የማያውቀው ልስላሴ አለ ማለት ነው» አሉ። አዝነው አልነበረም፤ እንዲያውም ሩቅ አገር ስላለ ዘመዱ ወሬ እንደሰማ ሰው ነበሩ። «ያን ጊዜ ብትነግሪኝም ጥፍሬ አይደርስበትም ነበር። ግን ብትነግሪኝ ኖሮ ብር አልቀባም ነበር።»

«አውቃለሁ አባባ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ብያለሁ። መስታወቱን አምጪው፤ ብሩን እናጥበዋለን።»

ከመጀመሪያው እንጀምር ስንል አቧራው አለ። መፍትሔ ያመጣችው የትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ ነች። ጌዴኦ ናት፤ ጎልማሳ፣ ዝምተኛ፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ ዘማሪ። አማርኛዋ ወንድና ሴት ስለማይለይ እኔን ሁልጊዜ «አንተ» ነበር የምትለኝ። ለካስ ከመስከረም መጀመሪያ አንስቶ ስፈገፍግ በበር ታየኝ ኖሯል።

«መምህር» አለችኝ አንድ ቀን መጥረጊያዋን ግድግዳ አስደግፋ። «አንተ ዕቃውን በሳፋ ታጥባለህ። ሳፋው ውስጥ ቆሻሻው የት ይሄዳል? እዚያው ነው። መልሶ ይይዘዋል።»

«ታዲያ የት ልጠበው እትዬ?»

«እኔ ቤት ና። ውኃው ይሄዳል፤ አይቆምም። አቧራ የለም። መኪና የለም።»

ቤቷ ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ ነበር። ከግማሽ ሰዓት በላይ በእግር ይወጣል። እንሰቱ፣ ከእንሰቱ ጎን ቡናው፣ ከሁሉ በላይ ትልልቆቹ ዛፎች ተደራርበው ፀሐይዋ የምትደርሰው ተቆራርጣ ነው። የበልጉ ዝናብ ጀምሮ ስለነበር መሬቱ ሁሌ እርጥብ ነው። ከጓሮዋ ምንጭ የምትመጣ ቀጭን ውኃ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ላይ ትወርዳለች። ጠረጴዛዬን በእሷው ጎጆ በረንዳ ላይ ተከልኩ። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት እየወጣሁ ሠራሁ። አንድ ዱቄት ሲያልቅ መስታወቱንም፣ ጠረጴዛውንም፣ ራሴንም በምትሄደው ውኃ ታጠብኩ። ጥፍሬን ከሥሩ ቆረጥኩ። «ፀጉርህም ዱቄት ይዟል» ብላ ሻሽ አሰረችልኝ፤ ለየዱቄቱ የተለየ ሻሽ። ስሄድ መስታወቱን በአዲስ እንሰት ቅጠል ሸፍና ታስቀምጥልኝ ነበር።

ሽማግሌው አንድ ቀን በበቅሎ ወጥተው መጡ። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ድምፁን አዳመጡ፤ ሁለት ጊዜ «ሞቷል» አሉ። ከዚያ እንደዋዛ፣ «ዓይን ቀድደው ሞራ የሚያወጡ ሐኪሞች አዲስ አበባ አሉ ይላሉ» አሉኝ።

«አሉ አባባ። እኔም አውቃለሁ።»

«ሐኪም ቤት እንድሄድ ልጆቼ ሦስት ዓመት ለመኑኝ። አንድ ጎረቤቴ ተቀዶ ጭራሽ ጠፋበት። ባለኝ ብርሃን ልኑር ብዬ ነበር።» ጽዳት ሠራተኛዋ ያቀረበችላቸውን ቆጮ ቆርሰው ቀመሱ። «አንቺ ግን የተወለወለውን መስታወት መልሰሽ ግድግዳ አደረግሽው። እጅሽ አልተንቀጠቀጠም?»

«በጣም ነው የተንቀጠቀጠው።»

«እንግዲህ የኔም ይንቀጥቀጥ» አሉ። በግንቦት መጀመሪያ ባለቤታቸው ይዘዋቸው በአውቶቡስ ሄዱ።

የሄዱበትን ሳምንታት እንዴት እንዳሳለፍኩ አልረሳም። ውልወላው ላይ ደርሼ ነበር። መጽሐፉ ካለው ጊዜ እጥፍ ወለወልኩ። በየዕለቱ ከዳሩ ያለውን ግራጫ እፈልጋለሁ፤ ቀነሰ፣ ሳሳ፣ አንድ እሑድ ጠፋ። ግን አላመንኩም። ዓይኔ አንድ ጊዜ ዋሽቶ ነበርና ሌላ ሰው ካላየው ብር አይቀባም ብዬ አስቀመጥኩት።

ሽማግሌው ወፍራም መነጽር አድርገው ተመለሱ። ሱቃቸው ስገባ ፊቴን ትክ ብለው አዩኝና፣ «ቀጭን ነሽ እኮ! በድምፅሽ ወፍራም ትመስዪኝ ነበር» አሉ። ባለቤታቸው ከጓዳ ሆነው ሳቁ። እኔ ልስቅም ላለቅስም አቃተኝ። አንደኛው ዓይናቸው ደህና ሆኗል፤ ሁለተኛው ቆይቶ ይቀደዳል ተብሏል።

መስታወቱን ሰጠኋቸው። የሱቁ በር ላይ ወጥተው ፀሐይ ላይ ያዙት። በጎን አዩ፣ አዞሩ፣ አጋደሙ፣ ቀና አደረጉ። መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያያቸው ጀመር።

«ግራጫ የለም» አሉ። «አልሐምዱሊላህ፣ ግራጫ የለም።»

ብሩን በዚያው ሳምንት ቀባን። ሰኔ ላይ፣ ፈተና ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓቱ ዝናብ በኋላ ሰማዩ ተከፈተ። ጀንበር ገና እንደጠለቀች ቱቦውን ግቢው ውስጥ አቆምነው። የተጠራ እንግዳ አልነበረም፤ ዳይሬክተሩ፣ ጥቂት ተማሪዎች፣ ሽማግሌው፣ ጽዳት ሠራተኛዋና እኔ ብቻ። መጀመሪያ ጽዳት ሠራተኛዋ እንድታይ ለመንኳት፤ ከሁላችንም የሚገባት እሷ ነበረች። ጎንበስ አለች። በጌዴኦኛ አንድ ነገር አለችና ፈጥና ቀና አለች።

«መምህር፣ ፊቷ ጠባሳ አለው። ብዙ ጠባሳ!»

«አዎ፤ ጉድጓዶች ናቸው።»

«ጥላቸው ይታያል» ብላ እንደገና ጎንበስ አለች።

እኔ ሳይ የጨረቃዋ ጠርዝ በቢላ የተቆረጠ ይመስል ነበር። ከጠርዟ ወዲያ ጥቁር ነው፤ ንጹሕ ጥቁር። ከተራራዎቹ ይልቅ ያንን ጥቁር ነው ለረጅም ጊዜ ያየሁት። ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው፣ መልሰው አድርገው፣ እንደገና አውልቀው አዩ። ዳይሬክተሩ ጠብቀው ጠብቀው፣ «እንዴት ነው?» ሲሏቸው፣ «ቆይ፣ አልጨረስኩም» ብለው ሁላችንንም አሳቁን። ዳይሬክተሩም ተራቸው ደርሶ ካዩ በኋላ ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ «የቤት አያያዝ መምህርት አለመላካቸው በጀ» አሉ።

በክረምቱ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለስኩ። ለመመረቂያ ጽሑፌ የመረጥኩት የመስታወት ሻካራነትና የብርሃን መበተን ነበር፤ አማካሪዬ «ይህን ከየት አመጣሽው?» ሲሉኝ ከገበያ ብዬ መለስኩ። የወርቁን ቁራጭ እያጋደልኩ ብርሃን እንዴት እንደሚመለስበት ለካሁ። ቆይቶም ትምህርቴን ለመቀጠል ጥቂት ዓመታት ውጭ ሄጄ የኤክስሬይ መስታወት ቅብ ከሚፈተሽበት ክፍል ሠራሁ። የአቶም ቁመት የሚያህል ጉብታ መለካት ተማርኩ። ከዚያ ተመልሼ እስከ ጡረታዬ አስተማርኩ። ተማሪዎቼ ከሚለኩት መስታወት ላይ ደስ የማይል ነገር ሲያገኙ ሊደብቁኝ አይሞክሩም ነበር፤ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ነገር እሱ ስለነበር።

ከዚያ ሁሉ በፊት፣ ለዩኒቨርሲቲ ምረቃዬ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ለአንድ ሳምንት ዲላ ወርጄ ነበር። መስታወት ቤቱ ስደርስ ከበሩ እስከ ጓዳው ድረስ አሮጌ መስታወት ተደርድሮ እግር ማሳረፊያ የለም። የጸጉር አስተካካዩ፣ የሆቴሉ፣ የሙሽሮች፣ የልብስ ሰፊው፤ ሁሉም እዚያ አሉ።

«ምንድን ነው ይኼ ሁሉ አባባ? ገበያ ደራ?»

«ምን ገበያ ነው!» አሉ ወፍራም መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው። «ሁለተኛውን ዓይኔን ተቀደድኩ። ከዚያ ከተማውን ስዞር የገዛ ሥራዬን አየሁት። ወላሂ አፈርኩ። ሰዎቹ በዚህ ሁሉ ግራጫ ውስጥ እንዴት ፊታቸውን ሲያዩ እንደኖሩ እንጃ። ከየቤቱ እየዞርኩ ሰብስቤ በነጻ ልቀባላቸው ነው። አንዳንዱ እንዲያውም 'ደህና ነው፣ ተወው' ብሎ አልሰጥም አለኝ።»

ባለቤታቸው ከጓዳ ሆነው፣ «እኔንም ፊቴን አየና አርጅተሻል አለኝ» ሲሉ ጮህ ብለው ሳቁ። ሽማግሌው አንዱን መስታወት አንስተው፣ «ዝም ብለሽ አትቁሚ፤ ያንን ጫፍ ያዢልኝ» አሉኝ። ሻንጣዬን መሬት አስቀምጬ ያዝኩላቸው።